ኮት የሰፋው ሬድዮ

ግቢ፣ ከውሰርዬ፣ ከፀሐዩ ግቢ። አካም ቡልቴ? … ደህና አደርሽ ማለቴ ነው፤ የኮምቦልቻ ልጅ መሆንሽን አፌ ይረሳዋል። እኛማ ደህና ነን፣ አልሀምዱሊላህ፣ ሙቀቱ ነው እንጂ። ቆሚ እስቲ፣ ቀና በይ፣ ልለካሽ። ማሻአላህ፣ ሆድሽ ገፋ። ባለፈው ስለካሽ ሜትሩ ተርፎኝ ነበር። ለአረፋ የምትለብሽው ከሆነ ጎኑን ለቀቅ ላድርገው፤ እንዲህ ያለ ሆድ እንደ ሊጥ ነው፣ ባደረ ቁጥር ይጨምራል።

ባልሽ አብሮሽ ነው የመጣው? … አየሁት፣ ውጭ ጥላው ሥር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሏል። ግባ አላልኩትም፣ ሴት የምትለካበት ቤት ነው። መጋረጃው ስስ ነው፣ የምታወሩት ሁሉ ውጭ ይሰማል ይሉኛል ደንበኞቼ። ቢሰማስ? ምን ምስጢር አለን? የልብስ ወሬ ነው የምናወራው። እጅሽን አንሺ።

የልብስ ወሬ ከተነሳ … ኮት መስፋት ልጀምር ነው።

ምነው ሳቅሽ? አሲያ በዚህ በከምሴ ሐሩር ለማን ኮት ልትሰፊ ነው ልትይኝ ነው። እኔም እንዳንቺ ነበር የማስበው። እስከ ዛሬ ኮት ያሰፋኝ ሙሽራ ብቻ ነው፣ እሱም ፎቶ እስኪነሳ ለብሶት ከዚያ ለማውለቅ ይቸኩላል። ግን ሬድዮ ተናገረ። ሬድዮ ከተናገረ እኔ ማን ነኝና ነው? አንድ ሰውዬ አሉ … ስማቸው አሁን ጠፋብኝ … ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ ዘፈን እያሰሙ ታሪኩን የሚያስረዱ። ባልሽም ሬድዮ ላይ አይደል የሚሠራው? እንግዲያስ ሳያውቃቸው አይቀርም። ቢያንስ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ይገናኛሉ። እስቲ ጠይቂልኝ።

ሌላውን አላውቅም፣ እውቀታቸው ግን ያስፈራል። እኛ ባቲ ሲባል የምናስበው ሰኞ ገበያውን ነው፤ ግመሉን፣ ጨውን፣ አቧራውን። እሳቸው ባቲ ቅኝት ነው ብለው ይጀምራሉ፣ ከዚያ አምባሰል ይወጣሉ፣ ከዚያ ትዝታ ይወርዳሉ፣ እኛ ታች ቆመን አንጋጠን እናያቸዋለን። ድምፃቸውስ ቢሆን? «ውድ አድማጮቻችን» ሲሉ አፋቸው ውስጥ ከረሜላ ያለ ነው የሚመስለው። አራት ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጠው ነው አሉ እንዲህ የለሰለሱት። ኦሮምኛቸውንም እዚያው ጥለውት መጡ ይባላል። አራት ዓመት አፍ የፈቱበትን ቋንቋ ያስረሳል እንዴ? … ውሃው ነው መሰለኝ። የአዲስ አበባ ውሃ ክሎሪን አለው ይላሉ፣ ያጥባል።

ዞር በይልኝ። እንዲህ … ጀርባሽን።

ታዲያ ባለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ እኚህ ሰው አንድ የኛን አገር የሠርግ ዘፈን አሰሙ። ሰምተሽዋል? እንዲህ ነው የሚለው …

*ቀኑ መሸ፣ ኮቱ፣*
*ጅቡ ወረደ፣ ኮቱ፣*
*ቆላው በረደ፣ ኮቱ …*

ድምፄን ተይው፣ አርጅቷል። ዘፈኑ ሲያልቅ ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ታሪክ ጀመሩ። ምን አሉ መሰለሽ? «ውድ አድማጮቻችን፣ በዚያ ዘመን ኮት የሥልጣኔ ምልክት ነበር። ድምፃዊቷ ያልታወቀች የገጠር ሴት ስትሆን፣ ብርዱ ሲመጣ ፍቅረኛዋ ትቶት የሄደውን ኮት ታስታውሳለች። እነሆ፣ ኮቱ ራሱ ትዝታ ሆነ።» እነሆ ያሉባት ቦታ ላይ እኔ አላስቻለኝም፣ እንባዬ መጣ። ምነው፣ የሳቅ እንባ እንባ አይደለም እንዴ?

የኮምቦልቻ ሰው ኦሮምኛ አይጠየቅም፣ አንቺ አታፍሪ። «ኮቱ» ማለት «ና» ማለት ነው። «ነይ»ም ነው፣ ለወንድም ለሴትም ያው ነው። ቀኑ መሸ፣ ና። ጅቡ ወረደ፣ ና። እዚህ ከተማ ውስጥ ይቺን ቃል የማያውቅ ፍየል እንኳ የለም፤ ኮቱ ስትያት ትመጣለች። ግን ምን እናድርግ፣ ፍየሏ አዲስ አበባ አልሄደችም።

ፍየል ካልኩሽ አይቀር … እሱንም አብራርተዋል። «ከዘፈኑ ጀርባ የፍየል ድምፅ ይሰማል፤ ይህም ቀረጻው በግጦሽ ሥፍራ እንደተካሄደ ይጠቁማል» አሉ። ከውሰርዬ፣ ፍየሏ እኔ ነኝ። እልልታዬ ነው። የሚስራ ሠርግ ላይ፣ የእህቴ፣ ጨፋ ሮቢት፣ አንድ ሹፌር ከጭነት መኪናው ቴፕ አውርዶ ግቢው መሐል የዱቄት ማድጋ ላይ አስቀምጦ ቀረጸው። ያን ጊዜ ይቺ እልልታ ሦስት ሰፈር ትሻገር ነበር። ወንዶች ማን ናት ብለው ይጠይቁ ነበር። ዛሬ ተጣርቶ ፍየል ሆነች። ተቀይሜያለሁ? ኧረ ለምን እቀየማለሁ። ከመረሳት ፍየል መባል ይሻላል፤ የኔስ ቢያንስ ዘሯ ተነግሯል። ያልታወቀች የተባለችው ናት የምታሳዝነኝ።

ይቺን ያልታወቀች ሴትዮ … አውቃታለሁ ለማለት ፈራሁ። አጠገቧ ቆሜ ከዚህ እስከ ሰንበቴ ከተማ ሠርግ ለሠርግ አጨብጭቤያለሁ። የድቤዋ ቆዳ ሲላላ ፍሙን የማስጠጋላት እኔ ነበርኩ። ልጇን ስትወልድ እጇን ይዤ ነበር፣ ጥፍሯ ክንዴ ላይ እስካሁን አለ። ይህን ሁሉ ካሳለፍን በኋላ የሚያውቃት እንደሌለ ሬድዮ ነገረኝ። ሰው ስንቱን ሳያውቅ ይሞታል።

አማትሽ ዓፊያ ግን እንዴት ናት? … ኧረ ዝም ብሎ ነው፣ አፌ ላይ መጣችብኝ። ደህና ናት? ድምፃም ነበረች እኮ ዓፊያ። አልነገሩሽም? … እንግዲያስ እኔም አልነገርኩሽም። አባትሽ ሐጂ ናቸው፣ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሠርግ ላይ ድቤ የምትመታ አማት አለችሽ ቢባሉ ምን ይሉ ነበር? ምንም አይሉም ነበር ባይ ነኝ እኔ፤ እሳቸው ራሳቸው ሲያገቡ ድቤ አልተመታም እንዴ? ግን አንድ ጠንቃቃ ሰው አለ፣ እዚሁ ከተማ፣ የማን ባል እንደሆነ ለጊዜው እንተወው … ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱ ቤት ገብቶ ድቤዋን ከግድግዳው አውርዶ አልጋ ሥር ከቶት ወጣ አሉ። «እማ፣ ለጊዜው ነው» አላት። ለጊዜው ነው። ጊዜው ይኸው እስካሁን አላለቀም።

አትነቃነቂ፣ ስፒሉ ይወጋሻል። ወጋሁሽ እንዴ? አንቺን አይደለም የፈለግሁት።

ነገር በምሳሌ ይባላል። የቀረው የጠጅ ነው፣ እሱን ለሚጠጡት እንተወው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች፣ ሰምተሻል? ድሮ ስሰማው በበቅሎ እስቅባት ነበር። አሁን ግን አከበርኳት። አህያ አባቷን ብትደብቅም አንድ ዘመዷን በስሙ ጠርታለች። ሬድዮ ላይ ወጥታ «ወላጄ ያልታወቀ የገጠር እንስሳ ነው» አላለችም። ጨዋ ናት በቅሎ።

እሺ፣ ስለ ዘፈኑ ልንገርሽ፣ ስፌት ያለ ወሬ አይሄድም። ያ ዘፈን ሲጀመር የሠርግ አልነበረም። አንዲት ሴት አንድ ልጅ ነበራት። አባቱ ሹፌር ነበር፣ አላህ ይርሀመው፣ መንገድ ላይ ቀረ። ልጁ ደግሞ ቦርከና ዳር ከዋለ የማይመለስ ነበር፤ ውሃ ውስጥ፣ ጭቃ ውስጥ፣ ከብት ጭራ ላይ። ሲመሽ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጣራለች፦ ኮቱ። አይመጣም። ትንሽ ቆይታ፣ ቀኑ መሸ፣ ኮቱ። አይመጣም። ፈራች መሰለኝ፣ ሰው ሲፈራ ድምፁን ያስረዝማል፣ እየቆየ ዜማ ሆነ። ጎረቤት ምጣዱን ከድኖ ይሰማት ነበር። ልጁም ኋላ ኋላ ቁጭ ብሎ ይሰማ ነበር አሉ፤ ቶሎ ቢመጣ ዘፈኑ ያልቅበታላ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ ያኔ እንዲህ ኪሴን ይዞ ከረሜላ ሲለምነኝ። ኋላ አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራ ስትሸኝ የሙሽራዋ እናት ስታለቅስ ሴትየዋ ያንኑ አወጣችው፣ ድቤ ጨመረችበት፣ ይኸው ዘፈን ሆነ። ሰፈሩም ልጁን በዘፈኑ ጠራው፤ ስሙን ትቶ «ኮቱ» አለው። እስከ ዛሬ አብሮ አደጎቹ ሲያገኙት እንደዚያ ነው የሚሉት። … ባልሽን ጓደኞቹ ምን እያሉ ሲጠሩት ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ተይው፣ እኔን አትጠይቂኝ። ምናልባት ኮት ስለሚወድ ይሆናል።

ታዲያ የሚገርመኝ፣ ለዘፈኑ ስም የሰጠው እሱ፣ ዘፈኑም ስም የሰጠው ለሱ። ቆሞ ራሱን አውልቆ ልብስ መስቀያ ላይ ሰቀለና «ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ኮት ነው» አለን። … ማነው እሱ? ያን ልጅ ነው የምልሽ። ሬድዮ ላይ ያሉት ትልቅ ሰው ናቸው፣ እሳቸውን ማን ነካቸው?

ያን ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽና ልጨርስ። ያቺ … ያልታወቀችው … ጠዋት ዞራ ጠራችን። ጎረቤቷን ፋይዛን፣ እኔን፣ ከመስጊዱ ጀርባ ያሉትን ሁሉ። «ዛሬ ዘፈኔን ሊያሰማልኝ ነው፣ ሹክ ብሎኛል አንድ ሰው» አለች። ዳቦ ጋግራለች፣ ሻይ አፍልታለች፣ አዲሱን ሻሿን ጠምጥማለች። የግራ ጆሮዋ ከተዘጋ ቆይቷል፣ በቀኙ ነው የምትሰማው፤ በርጩማ አስጠግታ ሬድዮውን ቀኟ ሥር አደረገችው፣ ሚጢጢ ሕፃን የምታጠባ ነው የምትመስለው። ዘፈኑ ወጣ። ልጅነታችን ሁሉ ከዚያች ሳጥን ወጣ። ፋይዛ አለቀሰች። እሷ ግን እጇን አነሳች፣ ዝም በሉ፣ አሁን ነው የሚጠራኝ አለች … ከዚያ «ያልታወቀች የገጠር ሴት» መጣ።

እኔ ለፍላፊዋ አፌን በዳቦ ሞላሁት። ኮቱን አብራርቶ፣ ፍየሉን አብራርቶ፣ ሌላ ዘፈን እስኪገባ ድረስ ሬድዮው ላይ እንደተደፋች ቆየች። ኋላ ቀና ብላ «ኮት ነው ያለው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ኤዬ፣ አዎ፣ ኮት ነው አልኳት። ትንሽ አሰበችና … «እንግዲህ እሱ ተምሯል። ኮት ይሆናላ» አለች። ከዚያ ሻዩን ቀዳችልን።

ይሄን ነው ያልቻልኩት፣ ከውሰር። ብትሰድበው ይቀለኝ ነበር። እኔ በስድቡ አግዛት ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሰንበቴ ሠርግ ነበር፣ አብረን ሄድን። ሙሽራዋ ስትወጣ ልጆቹ ይህንኑ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ለቀቁት። እናትየው ማልቀስ ጀመረች፣ ደንቡ ነው፣ እዚያ ላይ ነው የሚለቀሰው። የወንድ ወገን ጎረምሶች ምን አደረጉ መሰለሽ? ኮታቸውን አወለቁ። ተውሰው የለበሱትን ሁሉ አወለቁና አየር ላይ እያዞሩ «ኮቱ፣ ኮቱ» ይሉልኛል። ስልኩ ሁሉ ተደቅኗል፣ ቲክቶክ ነው አሉ፣ ሬድዮው ካስረዳ ወዲህ አገሩ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጨፍረው። የሙሽራዋ እናት እንባዋን እንደያዘች ታያቸዋለች። ያልታወቀችውም እጄን ይዛ «ሞቋቸው ነው?» አለችኝ። ሞቋቸው ነው አልኳት። ሰሞኑን ውሸት በዝቶብኛል፣ ያ ረቢ፣ ማረኝ።

እና ኮት ብሰፋ ይፈረድብኛል? ገበያው ቆሟል እኮ።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ሁለተኛው ክፍል አለ፣ አድማጭ መደወል ይችላል ብለዋል። እኔ ልደውል አስቤ ነበር፣ ኋላ ተውኩት … ፍየል ስልክ ስትደውል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ስለዚህ በባልሽ በኩል ይሻላል። ሰውዬውን ሲያገኛቸው ይንገርልኝ። ቅኝቱን አይለውጡ፣ ኮቱንም ከፈለጉ ይልበሱት። አንድ ስም ብቻ ይጨምሩ። ዓፊያ። ሦስት ፊደል ናት። «ያልታወቀች የገጠር ሴት» ከሚለው ታጥራለች፣ ለሬድዮ ሰዓት ትቆጥባለች። ደሴ ያሳየናት ሐኪም ያቺ የቀኟም ጆሮ ብዙ አትቆይም ብሎናል። ከዚያ በኋላ ስሟን በወርቅ ቢያስጽፉት፣ ሐውልት ቢያቆሙላት … ለኛ ነው የሚሆነው፣ ለሷ አይደለም። አሁን ነው የምትሰማው። ቅዳሜ ደግሞ ዳቦ ትጋግራለች፣ አውቃታለሁ። ይረሳው ይሆናል፣ ሰዓት አንሶት ይሆናል ትላለች። ሰበብ የምትሰፋለት እሷው ናት፤ ከኔ ይልቅ ልብስ ሰፊ እሷ ናት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ራሳቸውን በምስል አየሁት፣ ማሻአላህ፣ ጠጉራቸው ገና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አፉ ብቻ ከተስተካከለ ምን ይጎድላቸዋል? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል ይባላል። ሰው ግን ክቡር ነው፣ የበላበት ሁሉ ላይ ጩህ አይባልም። አንዴ፣ በዝግታ፣ በማይክ።

በቃ፣ አውልቂው፣ ቀስ ብለሽ፣ ስፒሎቹን ልንቀል። ረቡዕ ነይ፣ ይደርስልሻል። ዋጋውን ተይው፣ ለዚህ ሆድ ስጦታዬ ነው። … ምነው ፊትሽ? አልቅሰሻል እንዴ? ተይ፣ ነፍሰ ጡር እንባ አይፈቀድላትም። እኔን ደግሞ ለፍላፊ ናት ብለሽ እለፊኝ። አንቺ ምን አደረግሽ? አማትሽን እማ ብለሽ ስትጠሪያት አይቻለሁ፣ እጇን ስትስሚ አይቻለሁ፣ አላህ ይውደድሽ።

ውጭ ያለው ተነሳ እንዴ? አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ። … ተቀመጥ በይው፣ ገና ዱዓ አላደረግንም። ከልብስ ስፌት ቤቴ ነፍሰ ጡር ያለ ዱዓ ወጥታ አታውቅም። እጅሽን ዘርጊ፣ እኔም ድምፄን ከፍ ላድርግ፣ አሚን የሚል ከበዛ ቶሎ ይደርሳል።

አላህ በሰላም ይገላግልሽ። ወንድ ልጅ ያድርግልሽ። ጤነኛ ይሁን፣ ቆንጆ ይሁን፣ አንደበቱ የጣፈጠ፣ አገር ቁጭ ብሎ የሚሰማው ይሁን። መልኩም ያባቱ፣ ድምፁም ያባቱ፣ ልቡም ያባቱ ይሁን። አባቱ ለገዛ እናቱ የሆነላትን ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ልጁ ለአባቱ ይሁንለት።

አሚን በይ እንጂ፣ የኔ ሆድ።